‹ስቲቭ› ብላ የምትፈርመው ሴት

በ1962 እንግሊዝ አገር አንዲት ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ሴት፣ ምግብ የምትበላበት ጠረጴዛ ላይ የሶፍትዌር ኩባንያ ከፈተች። መነሻ ገንዘቧ 6 ፓውንድ ነበር። ስሟ ስቴፋኒ ሸርሊ ይባላል፤ ኩባንያዋን ‹ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ› አለችው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛን ስጠቅስ እነግራችኋለሁ።)

ያኔ የሳቁባት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሶፍትዌር የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ኮምፒውተር ስትገዙ አብሮ የሚሰጣችሁ ምራቂ ነበር፤ ሽንኩርት ገዝታችሁ ባለጉሊቷ ጣል እንደምታደርግላችሁ ሁለት ፍሬ ቃሪያ። እሷ ደግሞ ቃሪያውን ለብቻው ልሽጥ አለች። ሁለተኛ፣ ሻጯ ሴት ናት። ለድርጅቶች ደብዳቤ ትጽፋለች፣ መልስ የለም። ደግማ ትጽፋለች፣ አሁንም የለም። በመጨረሻ ባሏ ዴሪክ አንድ ሐሳብ አመጣ፦ በቃ ‹ስቲቭ› ብለሽ ፈርሚ። ፈረመች። ቀጠሮ መምጣት ጀመረ። ሰዎቹ ወንድ ሲጠብቁ እሷ ገብታ፣ እጅ ጨብጣ፣ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ነገሩ ሲገባቸው ማስወጣት ነውር ይሆናል።

በወጉ ‹አንቱ› ልላት ይገባ ነበር። ነሐሴ 2025 በ91 ዓመቷ ነው ያረፈችው፤ ‹ዴም› የሚል ማዕረግም ነበራት። እኔ ግን በአብዛኛው የማወራው ጠረጴዛው ላይ ስለተቀመጠችው እኩያዬ ስለሆነ ‹እሷ› እላለሁ፤ ታላላቆቼ ይቅር በሉኝ።

ወደ ታሪኳ የገባሁት በጎን በር ነው። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ከጥቂት ወራት በፊት የቲማችን መሪ እንድሆን ተጠየቅኩ። ሰው ስለመምራት የተማርኩት ነገር ቢኖር አራተኛ ዓመት ላይ የወሰድኩት አንድ የማኔጅመንት ኮርስ ነው፣ እሱም ለፈተና። ከዚያ በተረፈ ያየሁት ስላይድ ነው። ቀድሞ የሠራሁበት አንድ ድርጅት አርብ አርብ ‹ስለ ጤንነታችን እናውራ› የሚል የአንድ ሰዓት ስብሰባ ነበረው፤ መቅረት አይቻልም፤ ስብሰባው የበላውን ሰዓት ደግሞ ማታ እናካክሳለን። እናም ሰው ሳይሰበር ሥራ እንዴት ይሠራል የሚለውን ከስላይድ ይልቅ ከሠራው ሰው ልስማ ብዬ ሳነብ እሷ ላይ ደረስኩ።

የተወለደችው በ1933 ጀርመን አገር ዶርትሙንድ ነው፤ አባቷ አይሁዳዊ ዳኛ ነበር፣ ናዚዎች ሥራውን ነጠቁት። በ1939 እሷ የአምስት፣ እህቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆነው፣ ያለ አባት ያለ እናት ባቡር ላይ ተጫኑና ወደ እንግሊዝ ተላኩ። ‹ኪንደርትራንስፖርት› ይባላል ያ ማዳን፤ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ከጦርነቱ በፊት አውጥቷል። አሳዳጊ ቤተሰብ ተቀበላቸው። በሕይወቷ ሙሉ ስትናገረው የኖረችው ነገር ቢኖር፣ ከዚያ ሞት የተረፈ ሕይወት በከንቱ መባከን የለበትም የሚለውን ነው። ይኼ ሐሳብ እንዴት አድርጎ እንዳሮጣትና በኋላ እንዴት አድርጎ እንደጣላት ስንደርስ ታዩታላችሁ።

አሥራ ስምንት ዓመቷ ላይ ዶሊስ ሂል በሚባለው የፖስታ ቤት የምርምር ጣቢያ ሥራ ያዘች። በጦርነቱ ጊዜ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ለመፍታት ያገለገለው ኮሎሰስ የተሠራው እዚያው ነው። ማታ ማታ እየተማረች በሒሳብ ዲግሪዋን ያዘች። ቀጥሎ ወደ አንድ የኮምፒውተር ዲዛይን ድርጅት ሄደች። ችሎታዋን ይፈልጉታል፤ ወደ ላይ የሚያስወጣው መሰላል ጋ ስትደርስ ግን ይቆማል። ስለዚህ ወጣች።

አሁን ዋናው ነገር። ማንን ቀጠረች? ሙያው ኖሯቸው፣ ሲያገቡ ወይም ሲያረግዙ ከሥራ የወጡ ሴቶችን። ሌላው ሰው ‹አለቀላቸው› ብሎ የተዋቸውን ማለት ነው። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። ሁሉም ከቤታቸው ነው የሚሠሩት። አመልካቾችን ከሚጠየቁት ጥያቄ አንዱ ‹ስልክ ታገኛለሽ ወይ?› የሚል ነበር።

ሥራው እንዴት ይሠራ እንደነበር ላስረዳ፤ ለኔ ቢጤው ጣፋጩ ክፍል እሱ ነው። ፕሮግራመሯ ቤቷ ተቀምጣ በእርሳስ ፍሎውቻርት ትሥላለች። ከዚያ ኮዱን ወረቀት ላይ በእጇ ትጽፋለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ማሽን ኮድ፣ አንዳንዴም ዜሮና አንድ ብቻ። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከታ ትልካለች። ኮምፒውተሩ ያለበት ማዕከል ያሉ ሰዎች የጻፈችውን እያዩ ካርድ ወይም የወረቀት ጥብጣብ ላይ ቀዳዳ ይበሳሉ፤ ለማረጋገጥ ደግሞ እንደገና ይበሳል። ኮምፒውተሩ ኮዷን የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ስህተቴን ለማየት አሥር ሰከንድ ከጠበቅኩ ይነጫነጨኛል፤ እነሱ የሚጠብቁት ፖስተኛ ነበር። (መብራት ሄደ የሚል ጣጣ ግን የለባቸውም። እርሳስ ቻርጅ አይፈልግም።)

በዚህ መንገድ የጭነት ባቡሮችን መርሐ ግብር ሠርተዋል፣ የአውቶቡስ ሰዓት አውጥተዋል፣ የመጋዘን ቁጥጥር ጽፈዋል። ከድምፅ የሚፈጥነው ኮንኮርድ አውሮፕላን የብላክ ቦክሱ ፕሮግራም የተጻፈው በነዚህ ሴቶች ነው፤ ቤታቸው ተቀምጠው።

እንግዲህ አስቡት። ሠራተኛዋ ሌላ ከተማ ናት፣ ልጇ እንቅልፍ ሲወስደው ነው የምትሠራው፣ መገናኛው ደብዳቤና ስልክ ነው። ‹እስቲ አንዴ ሚቲንግ እንግባ› ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ቁልጭ ብሎ መጻፍ አለበት፦ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ መቼ አለቀ ይባላል፣ ማን ያየዋል። ከኩባንያው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የሶፍትዌር ሥራን መቆጣጠሪያ ደንብ ማዘጋጀት ነበር፤ ራሳቸውም ተጠቀሙበት፣ ኋላ ኔቶ ሳይቀር ተቀበለው። እኔ ይኼን ሳነብ ቆም አልኩ። የሰዓት ነፃነቱን የፈጠረው የአለቃዋ ደግነት ብቻ አይደለም፣ ይኼ አሰልቺ የሚመስል ወረቀት ነው። ሥራው ወረቀት ላይ ካለ ሰው መተኛት ይችላል።

እኛ ጋ አንድ ሲስተም አለ፤ ሲወድቅ እንዴት እንደሚነሣ የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ለአያቱ ተዝካር ገጠር በወረደበት ሲስተሙ ወደቀ። ዘመድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እሱ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ቆሞ ትእዛዝ እያነበበ ያጽፈናል። በማግስቱ በቡድኑ ግሩፕ ላይ ጭብጨባ ጎረፈለት፣ ‹ጀግና› ተባለ። ጭብጨባውን ይገባዋል፤ ተዝካሩንም ይገባው ነበር።

ወደ ስቴፋኒ ልመለስ። ቀደምት ዘመኗ ላይ አንድ ታሪክ አለ፣ ብዙ ቦታ ላይ እንደ ቀልድ ነው የሚነገረው። ልጇ ጋይልስ በ1963 ተወለደ። ደንበኛ ሲደውል ሕፃኑ ያለቅሳል። ስለዚህ የታይፕ ድምፅ በቴፕ ቀርፃ፣ ስልክ ባነሣች ቁጥር ከጀርባ ታጫውተው ነበር፤ ቢሮ ያለች እንድትመስል። ቀልድ ሆኖ ያስቃል። እኔን ግን ከሳቁ በኋላ ያመኛል። ለእናቶች ተብሎ የተሠራ ኩባንያ፣ የኩባንያው እናት ራሷ የልጇን ለቅሶ የምትደብቅበት።

ስልሳ ዓመት አልፎ ቴፑ ‹ሚዩት› የሚባል ቁልፍ ሆነ፣ ለውጡ ይኼው ነው። ከኔ ጋር የምትሠራ አንዲት እህት ጠዋት ስብሰባ ላይ ንግግሯን ሦስት ቦታ ትቆርጠዋለች፤ ቁልፉን እየከፈተችና እየዘጋች። ሁላችንም ለምን እንደሆነ እናውቃለን። ማንም ‹ልጁን ያዥው፣ ይሰማ፣ ምን አለበት› ብሏት አያውቅም። አሁን ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ለወላድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ይሰጣል፤ ከቀድሞው ይሻላል። መቶ ሃያው ቀን ሲያልቅ ግን ሕፃኑ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ ቀሪው ለቁልፉ የተተወ ነው።

እንግሊዝን ብቻ ኋላ ቀር እንዳታደርጉ። ስቴፋኒ ኩባንያ ስትከፍት ያለ ባሏ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ መክፈት አትችልም ነበር፤ እኛም በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ያ ድንጋጌ እስኪነሣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በኛ 1992 ዓ.ም.፣ መጠበቅ ነበረብን።

ሴትዮዋን መልአክ ማድረግም አልፈልግም። ፍሪላንስ ማለት ሥራ ሲኖር ክፍያ አለ፣ ሥራ ሲጠፋ የለም ማለት ነው። የገበያው አደጋ ከኩባንያው ትከሻ ወርዶ በከፊል ሠራተኛዋ ጓዳ ውስጥ ገባ። ደግሞም ከቤት መሥራት የቤቱን ሥራ አልቀነሰም፤ ሴትየዋ ኮዱንም ወጡንም ያዘች። ዛሬ ‹ተለዋዋጭ ሰዓት አለን› የሚሉ ድርጅቶች ማታ አራት ሰዓት ላይ መልእክት ሲልኩ ይኼው ነገር ነው፤ ሰዓቱ የሚለዋወጠው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። እሷ ከነዚህ የምትለየው፣ ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ሠራተኛ የሠራውን እንጂ የተቀመጠበትን ሰዓት ስላልቆጠረች፣ ከዚያም ባለቤትነትን ስለሰጠች ነው። ይኼኛውን ስላይድ ላይ አታገኙትም። በዓመታት ሒደት የኩባንያውን ሩብ ለሠራተኞቹ አስተላለፈች፤ ወጪው ከራሷ ድርሻ ብቻ ነው የወጣው። በ1996 ኩባንያው ለንደን የአክሲዮን ገበያ ሲገባ የዚያ ፍሬ ታየ፤ ከሠራተኞቿ 70ዎቹ ሚሊየነር ሆኑ።

በ1975 ደግሞ በፆታ መድልዎ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ለሴቶች የታሰበው ሕግ ሴቶችን ብቻ መቅጠሯን ሕገ ወጥ አደረገው፤ ወንዶችን ማስገባት ግድ ሆነ። ስትናገረው ትስቅ ነበር፦ ጎበዝ ከሆኑ ይግቡ።

ስለ ጋይልስ ግን ሳቅ የለም። ሁለት ዓመት ተኩል ላይ የነበረውን ንግግር አጣ፤ ከባድ ኦቲዝም ነበር። በዚያን ዘመን ቃሉ ራሱ ብዙም አይታወቅም። ቀን ኩባንያ፣ ሌሊት ልጁ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢኮኖሚው መቀዝቀዝ ኩባንያው ሊዘጋ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ እሱን አለፈችው። ልጁ ወደ ጉርምስና ሲገባ ግን ጠና፣ ጉልበቱም በረታ፣ በመጨረሻ እሷ ራሷ ተሰብራ ሆስፒታል ገባች። እሱም ወደ ሌላ ሆስፒታል ተወሰደ፤ ዓመታት እዚያ ኖረ።

ይኼን ክፍል ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ለሦስት መቶ ሴቶች ሰው ሆኖ መሥራት የሚቻልበትን ቦታ የሠራች ሰው፣ ለራሷ አልሠራችም። ሥራው ወረቀት ላይ ነበር፣ የሷ ድርሻ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ። ከባቡር የወረደችው ሕፃን ‹የተረፍሽበትን አሳዪ› እያለች ከኋላ ትነዳታለች ብዬ አስባለሁ፤ እንዲህ ያለ ነጂ ደግሞ ዕረፍት አይፈርምም። በ1985 ሥራ አስኪያጅነቱን ለሂላሪ ክሮፐር አስረከበች። ብዙ መሥራች የማይችለውን ነው ያደረገችው፤ ኩባንያውም ያደገው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋይልስ በ1998 በ35 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት እሷ ባቋቋመችው የኦቲዝም ድርጅት የመጀመሪያ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ነዋሪ ሆኖ ኖሯል። ካገኘችው ሀብት ወደ 70 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋው ለበጎ አድራጎት ሄደ፣ አብዛኛው ለኦቲዝም።

የቲም መሪነቱን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ጠይቄ ነው፦ የመጀመሪያው ወር አዲስ ሥራ እንዳይገባ፣ ያለው እንዲጻፍ። ‹ወር ሙሉ መጻፍ?› አሉኝ፣ ተከራከርን፣ ሦስት ሳምንት ላይ ተስማማን። ባለ ተዝካሩ ልጅ ከሲስተሙ ጀምሯል፤ እስካሁን አሥራ አራት ገጽ ሆኗል። ግማሹን ማንም አያውቀውም ነበር።