መድኃኒቱ ቆመ፤ ሕመሙ ግን አልቆመም

ስለ አሜሪካ የኦፒዮይድ ቀውስ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ብዙም የማይወራው ግን በዘመቻው መሀል የተጎዱት ሰዎች ጉዳይ ነው፦ ከባድ ሕመም ለዓመታት አብሯቸው የኖረ፣ መድኃኒቱንም በሐኪም ትዕዛዝ ሲወስዱ የነበሩ ሕሙማን። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ኦፒዮይድ ምንድን ነው?

ሞርፊን፣ ኦክሲኮዶን፣ ፌንታኒልና መሰል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻዎች የሚጠሩበት የወል ስም ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላና ለካንሰር ሕመም ይታዘዛሉ። ችግሩ፣ ሱስ ያስይዛሉ፤ መጠናቸው ሲበዛም ትንፋሽ አቋርጠው ይገድላሉ።

🔹 ቁጥጥሩ ለምን መጣ?

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የመድኃኒት ኩባንያዎች የሱስ አደጋውን እያሳነሱ ክኒኖቹን በሰፊው አስተዋወቁ። ኦክሲኮንቲንን ያመርት የነበረው ፐርዱ ፋርማ በ2020 በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኗል። በ2012 ብቻ በአሜሪካ 255 ሚሊዮን ገደማ የኦፒዮይድ ማዘዣ ተጽፏል። ቁጥጥር ማስፈለጉ አያከራክርም።

🔹 ታዲያ ምኑ ላይ ተበላሸ?

በ2016 የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) ለሐኪሞች መመሪያ አወጣ። ሥር የሰደደ ሕመም ላለባቸው አዋቂዎች የቀኑን መጠን ከ90 ሚሊግራም ሞርፊን ጋር እኩል እስከሚሆን ድረስ አትጨምሩ፣ ከጨመራችሁም በቂ ምክንያት ይኑራችሁ ይላል። የካንሰር ሕሙማንን አይመለከትም። ምክር እንጂ ሕግም አልነበረም። ግን በርካታ ግዛቶች፣ ኢንሹራንሶችና ፋርማሲዎች ቁጥሩን የማይታለፍ ገደብ አደረጉት።

ሐኪሞችም ፈሩ። የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት (ዲኢኤ) እነዚህን መድኃኒቶች የማዘዝ ፈቃዳቸውን መንጠቅ ይችላል፤ ከተከሰሱ ደግሞ እስር አለ። አንዳንዶቹ መጠኑን በአንዴ ቀነሱ፣ ሌሎቹ በሽተኛውን ጭራሽ አሰናበቱ።

🔹 ሕሙማኑስ ምን ሆኑ?

ሰውነቱ መድኃኒቱን የለመደ ሰው ድንገት ሲቋረጥበት ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ሕመሙም ተመልሶ ይመጣል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) በኤፕሪል 2019 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ መድኃኒቱ በድንገት በተቋረጠባቸው ሰዎች ላይ ራስን እስከ ማጥፋት የሚደርስ ከባድ ጉዳት መድረሱን የሚገልጹ ሪፖርቶች እንደደረሱት አስታውቋል። ሐኪም ያጣ ሰው ከመንገድ ላይ ክኒን ከገዛ ደግሞ ውስጡ ምን እንዳለ አያውቅም።

🔹 ሞት ቀነሰ ወይ?

ማዘዣው በ2020 ወደ 142 ሚሊዮን ወርዷል። በአገሪቱ ዕፅ ወይም መድኃኒት ከመጠን በላይ ወስደው የሞቱት ግን በ2012 ከ41 ሺህ በላይ ነበሩ፣ በ2021 ከ106 ሺህ አለፉ። አብዛኞቹን የገደለው ሐኪም ያዘዘው ክኒን ሳይሆን በሕገ ወጥ መንገድ የተሠራ ፌንታኒል ነው። በአጭሩ፣ ክኒን የሚቆጥረው ቁጥጥር በቀላሉ የሚደርሰው ስሙና ማዘዣው መዝገብ ላይ ያለው በሽተኛ ጋ ነው። የመንገድ ሻጩ መዝገብ የለውም።

🔹 ምን ተስተካከለ?

በጁን 2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሐኪምን በዚህ ወንጀል ለመቅጣት ከተፈቀደው ውጭ ማዘዙን እያወቀ ወይም ሆን ብሎ ማድረጉ መረጋገጥ አለበት ብሎ ወሰነ። በኖቬምበር 2022 ደግሞ ሲዲሲ መመሪያውን ከልሶ፣ ምክሩ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ድርቅ ያለ ገደብ እንዳልሆነ ገለጸ።

🔹 አሜሪካ ላላችሁ ቤተሰቦቻችን

እናንተ ወይም ወላጆቻችሁ ይህን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ በራሳችሁ ጊዜ በድንገት አታቁሙ። ሐኪሙ ይቀነስ ካለ፣ ቀስ በቀስ እንዴት እንደሚቀነስና ለሕመሙ በምትኩ ምን እንደሚሰጥ ጠይቁ። ትንፋሽ ሲቆም የሚያነቃው ናሎክሶን የአፍንጫ ስፕሬይ ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ቤት ውስጥ ይኑር።