አደጋ ሳይመጣ፦ ለቤተሰብ የሚዘጋጅ ስንቅና ተጽፎ የሚቀመጥ መረጃ

በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ሰፈሮችን ሲጠርግ ብዙው ሰው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው እሳት በርካታ ሱቆችን ከነሸቀጣቸው አወደመ። በዚያው ዓመት በአፋር ክልል፣ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው፣ የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደጋገም በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቀያቸውን ለቀው ወጡ።

አደጋዎቹ በዓይነት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ምን ልያዝ፣ ምን ልተው ብሎ ማሰቢያ ጊዜ የለም። የሚተርፈው አስቀድሞ የተዘጋጀው ነው።

አንዳንዶቻችን «አላህ የጻፈው አይቀርም» ብለን ዝግጅትን እንተዋለን። ቀደር እውነት ነው፤ ሰበብ ማድረስም ታዝዟል። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ለቅቆ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስሮ በአላህ እንዲመካ ነግረውታል፤ ሐዲሱን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ነቢዩ ዩሱፍም (ዐ.ሰ) ለድርቁ ዓመታት እህሉ ከነዛላው እንዲከማች መክረዋል። ስንቅ ማዘጋጀት ተወኩልን አይቃረንም።

ውሃ

መጀመሪያ የሚጠፋው ውሃ ነው። ለመጠጥና ለምግብ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር፣ ቢያንስ ለ3 ቀን ያስቀምጡ። አምስት ሰው ላለበት ቤት 45 ሊትር ማለት ነው፤ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ጀሪካኑ ዘይት ወይም ነዳጅ ያልነካው፣ ክዳኑ የሚገጥም፣ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ የተቀመጠ ይሁን።

ከጎርፍ በኋላ የጉድጓድ፣ የወንዝና የቧንቧ ውሃ ሊበከል ስለሚችል ሳያፈሉ ወይም በውሃ ማከሚያ ሳያክሙ አይጠጡ። በቆላ አካባቢ ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል። እንደ አዲስ አበባና ደሴ ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ግን 3 ደቂቃ ያፍሉት። ማከሚያ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ።

ያለው ውሃ ለመጠጥ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለሰላት በተየሙም መጠቀም የተፈቀደ ነው። በውዱእ ምክንያት ሕፃናትና አዛውንት መጠማት የለባቸውም።

ምግብ

እሳት ሳያስፈልገው የሚበላ ነገር ይምረጡ። እናቶቻችን ለመንገደኛ የሚያዘጋጁት ስንቅ ለዚህ ይሆናል፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ጩኮ። ተምር፣ ስኳርና ጨው ይጨምሩበት። በሶ በትንሽ ውሃ ይበጠበጣል፤ ተምር ለልጅም ለአዋቂም ኃይል ይሰጣል። ጡት ለማይጠባ ሕፃን የታሸገ ወተት ያስቀምጡ።

መድኃኒትና ንጽህና

የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ቢያንስ የአንድ ሳምንት መድኃኒት በትርፍ ይኑረው። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ይጻፉ፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ ሐኪም ከዚያ ወረቀት ተነስቶ ሊያዝዝ ይችላል። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ ሳሙና እና የሴቶች የንጽህና መጠበቂያም አይርሱ።

በመጠለያ ቦታ ተቅማጥ በፍጥነት ይሰራጫል። ኦአርኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ 6 የተስተካከለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ለታማሚው ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ይቻላል። ጨው አይብዛ።

ሌሎች ቦርሳው ውስጥ የሚገቡ

ባትሪና መለዋወጫ ባትሪ፣ ክብሪት፣ ቢላ፣ ገመድ፣ ትንሽ ሬዲዮ፣ ፓወር ባንክ፣ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ። ለሴቶች ሌሊት ተነስቶ ወዲያው የሚለበስ ሰፊ ልብስና ሂጃብ በር አጠገብ ይሰቀል፤ ልብስ ፍለጋ የሚባክን ደቂቃ ነፍስ ሊያስከፍል ይችላል። ኔትወርክ ሲቋረጥ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም ስለማይሠሩ በዝርዝር ኖት ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያስቀምጡ።

ሰነዶች

ምግብና ልብስ ጎረቤትም በጎ አድራጊም ይሰጣል። የጠፋ ሰነድ ግን ወራት ያንከራትታል። የሚከተሉትን በአንድ ውሃ በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀምጡ፦

• መታወቂያ፣ የፋይዳ ቁጥር፣ ፓስፖርት
• የልደት ምስክር ወረቀትና የልጆች የክትባት ካርድ
• የኒካህ ወረቀትና የጋብቻ ምዝገባ ምስክር ወረቀት
• የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የመሬት ደብተር፣ ሊብሬ
• የባንክ ደብተር፣ የጤና መድን ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃ
• ለነጋዴ፦ ንግድ ፈቃድና የሸቀጥ ዝርዝር

ዋናው አንድ ቦታ፣ ፎቶ ኮፒው ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። የእያንዳንዱን ፎቶ አንስተው ለሚያምኑት የቤተሰብ አባል በስልክ ይላኩ። ሱቅ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች የሂሳብ ደብተራችሁን ሱቅ ውስጥ ብቻ አትተዉት፤ ሱቁ ሲቃጠል ማን ስንት እንዳለበትም አብሮ ይጠፋል።

የስልክ ቁጥሮች

ዛሬ የባለቤቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስልኩ ባትሪ ሲጨርስ ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። በወረቀት ጽፈው አንዱን ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ቦርሳው ውስጥ ያድርጉ። በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ መከላከያ 939፣ ፖሊስ 991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ናቸው። በሌላ ከተማ ያላችሁ የአካባቢያችሁን ጣቢያ ቁጥር አጣርታችሁ ጻፉ። ለትንንሽ ልጆች ስማቸው፣ የአባትና የእናት ስም እና የዘመድ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይዘጋጅ፤ ስትወጡ ኪሳቸው ውስጥ ይገባል።

ዕዳና አማና

ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ይህን ነው። ሰው በድንገት ሲሞት ያለበትን ዕዳና የተቀመጠበትን አማና የሚያውቀው ራሱ ብቻ ከሆነ ሐቁ ይጠፋል። የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት መከፈል አለበት፤ ወራሾች የማያውቁትን ዕዳ ግን እንዴት ይክፈሉ? አበዳሪው ማስረጃ የለውም፣ ሚስት አልሰማችም፣ ልጆች ይጣላሉ።

ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 282ኛው አንቀጽ ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት ያዛል፤ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ይህ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ተነግሯል። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ከማን ምን ያህል ተበደርኩ፣ ለማን አበደርኩ፣ የማን አማና በእጄ አለ፣ ያልተከፈለ ዘካና መህር ምን ያህል ነው። ፈርመውበትና አስመስክረውበት የት እንዳለ ለባለቤትዎ ይንገሩ። ይህ ወረቀት ዋጋው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው፤ የሚያድነው ግን የሟቹን አማናና የቤተሰብን ሰላም ነው።

በስደት ላሉ

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ሊባኖስ ውስጥ ጦርነቱ ሲበረታ በቤት ሥራ የተሰማሩ ብዙ እህቶቻችን ያለ ሰነድ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ፓስፖርት በአሠሪ እጅ በሚያዝበት አገር ያላችሁ የፓስፖርቱንና የኢቃማውን ፎቶ አገር ቤት ላለ ቤተሰብ ላኩ። የምትኖሩበትን አድራሻ፣ የአሠሪውን ስልክ፣ የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ቁጥርም ቤተሰብ ይወቀው።

ቤተሰብና ጀመዓ የሚስማሙበት

ቦርሳው የት እንዳለ ከትልቅ እስከ ትንሽ ሁሉም ይወቅ። ሁለት መገናኛ ቦታ ወስኑ፦ አንዱ ከቤት አጠገብ፣ ለምሳሌ የመስጂዱ ግቢ፤ ሁለተኛው ከሰፈር ውጪ ያለ ዘመድ ቤት። የኤሌክትሪክ ቆጣሪና የጋዝ ሲሊንደር እንዴት እንደሚዘጋ ትልልቆቹ ልጆች ይማሩ። በሚፈስ ጎርፍ ውስጥ አይሻገሩ፤ ጉልበት የማይደርስ ውሃ እንኳ አዋቂን ይጥላል። ወደሚቃጠል ቤት ዕቃ ለማውጣት አይመለሱ።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን መሬት ሲንሸራተት የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ብዙዎቹ ሞተዋል። መርዳት ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ሆኖም በተናደ ቁልቁለት ሥር ከመከማቸት በፊት ከላይ ያለውን የሚጠብቅ ሰው ይመደብ፤ ዝናቡ ካላቆመም ሴቶችና ልጆች ወደ ሌላ ቦታ ይራቁ።

የመስጂድ ኮሚቴዎችና እድሮች በየሰፈሩ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንትን፣ አካል ጉዳተኞችንና ነፍሰ ጡሮችን መዝግበው፣ ማን ማንን እንደሚያወጣ አስቀድመው ቢመድቡ ጥሩ ነው። እገዛውም ለሙስሊሙም ሙስሊም ላልሆነውም ጎረቤት ነው።

መከለስ

ተዘጋጅቶ የተረሳ ቦርሳ ይበሰብሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ በሻዕባን ሌላው በሰፈር ወር፣ ውሃውን ይቀይሩ፣ የመድኃኒቱን ቀን ይዩ፣ ስንቁን በልተው በአዲስ ይተኩ፣ የዕዳ ወረቀቱን ያድሱ። በመካከላቸው ስድስት ወር አለ።

ሁሉንም ዛሬ ማድረግ ካልቻሉ ከሁለቱ ይጀምሩ፦ ጀሪካኑን ይሙሉ፣ የዕዳውን ወረቀት ይጻፉ። አላህ ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቀን፤ የደረሰባቸውንም በመልካም ይተካላቸው።