ከግንቡ ወደ አምባው

ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ሰው በማለዳ ተነሥቶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይደርሳል፣ ከጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ጋር ፎቶ ይነሣል፣ ለእራት ጎንደር ፒያሳ ይመለሳል። የመጀመሪያ ጊዜ እኔም እንዲያው ነበር ያደረግሁት። ከዚያ ጉዞ ትዝ የሚለኝ የጎማ ጥገናው ብቻ ነው። ዳባት ላይ ጎማ ፈንድቶብን ጎሚስታው እስኪለጥፍ ከአንድ ጠላ ቤት ደጃፍ ቁጭ አልን። አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ነበሩ። «ከወዴት ነው?» አሉኝ። «ከጎንደር ነው አባባ» አልኳቸው። «ግንብ አይተህ መጣህ በለኛ! የእኛን ደግሞ ወደ ላይ ስትወጣ ታየዋለህ፤ ግንበኛ አልነካውም» ብለው ወደ ጠላቸው ዞሩ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሁለተኛ ስሄድ ሦስት ቀን ያዝኩ።

አሁን የሚያቅድ ሰው ከሆቴል በፊት የሚጠይቀው ሌላ ነገር አለ። ይህ መስመር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ ግጭት ብዙ ቀን ተዘግቶ ያውቃል። ስለዚህ መናኸሪያ ወርዶ ትናንት ከደባርቅ የገባ ሾፌር ፈልጎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ማለት ይቀድማል። የሾፌሩን መልስ የሚተካ ካርታ የለም።

ጉዞው የሚጀምረው ጎንደር ካለው የነገሥታቱ ግቢ፣ ከፋሲል ግቢ ነው። ነገሥታቱ ቀድሞ የሚኖሩት በድንኳን ነበር፤ ከተማቸው ከሠራዊታቸው ጋር ይነሣል፣ ከሠራዊታቸው ጋር ይሰፍራል። አፄ ሠርፀ ድንግል ጣና አጠገብ እንፍራዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ማሠራታቸው እውነት ነው። ነገር ግን መንግሥቱን በአንድ ቦታ ያስቀመጡት አፄ ፋሲል ናቸው፤ ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ቆረቆሩ። ቦታው በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ያለ ጉብታ ነው። ውኃ አለው፣ ገበያ ይመቸዋል፣ የሱዳንና የምጽዋ ነጋዴ ይገናኝበታል። ጠላት ሲመጣ የሚሸሹበት ገደል ግን የለውም። በድንጋይና በኖራ የቆመው ግንብ፣ ክብ ማማዎቹ፣ ግቢውን የከበበው 900 ሜትር ያህል አጥርና 12ቱ በሮች ሁሉ ያንን ጉድለት ለመሙላት የተሠሩ ይመስሉኛል። እዚህ ንጉሥ አምባውን ራሱ ሠርቷል።

ግንቡ ሁልጊዜ አላዳነም። በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ ገብቶ ከተማዋን ሲያቃጥል ከአብያተ ክርስቲያናቱ አብዛኞቹ ነደዱ። አፄ ኢያሱ ያሠሩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ። የጎንደር ሰው ንብ ወጥቶ ወራሪውን አባረረው ይላል። ጣሪያው ላይ በረድፍ የተሣሉት የመላእክት ፊቶች ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ቁልቁል ያያሉ። እንግዳ ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ሊቆጥራቸው ይሞክርና መሃል ላይ ይስታል፤ እኔም ሁለት ጊዜ ስቻለሁ።

ከከተማ እንደወጡ ወለቃ ይገኛል። የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ሰዎቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም በመንገዱ ዳር የሸክላ ቅርጻ ቅርጽ መሸጡ አልቀረም። እዚህ መቆም ለመግዛት ብቻ አይደለም። የቤተ እስራኤል ገዢዎች በስሜን አምባዎች ላይ ሆነው አፄ ሠርፀ ድንግልንና አፄ ሱስንዮስን ለዓመታት ተዋግተዋል። የነገሥታቱ ጦር ከሰው ይልቅ የታገለው ከገደል ጋር ነው።

30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ኮሶዬ ላይ ምድሩ በግራ በኩል ድንገት ያልቃል። ወገራ ግን ሜዳ ነው፤ ገብስና ስንዴ፣ በባሕር ዛፍ የታጠሩ ቤቶች፣ አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት። እዚህ ቶሎ ማለፍ ይቻላል፤ ጎማ ካልፈነዳ።

ደባርቅን አለፍ እንዳሉ ወልከፊት ነው፤ የሊማሊሞ አፋፍ። መንገዱ ከዚህ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። ዛሬ የሚወርዱበትን ጥምዝምዝ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከድንጋዩ ፈልፍለው አወጡት፤ ከዚያ በፊት የቅፍለት መንገድ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው «ላማልሞን» ብሎ የጻፈውን ይህንኑ አቀበት ወጥቶ ነው። ከላይ ቆሞ ማየት ጥሩ ነው። አፋፉ ላይ ሳር፣ ከታች ደግሞ የዛሪማ ቆላ በሙቀት ጭጋግ ውስጥ ይታያል። የጭነት መኪና ሲወጣ ገና ሳይታይ ሞተሩ ይሰማል፤ የሚወርደው ደግሞ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ያዘግማል፣ ፍሬኑ ግን ሸተት ማድረጉ አይቀርም። ረዳቱ በየኩርባው ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ና! ና!» ይላል።

ጣሊያኖች ይህን አፋፍ ምሽግ አደረጉት። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው፤ ወልከፊት ግን አርበኞችና እንግሊዞች እየከበቡት እስከ መስከረም 1934 ዓ.ም. ቆየ። እጅ የሰጠው በመስቀል ሰሞን ነው። ጎንደር ደግሞ ኅዳር 18 ቀን ተያዘች። የእንግሊዝ አውሮፕላኖች በዚያ ውጊያ ግንቦቹንም በቦምብ ጎድተዋል። የዳባቱ ሽማግሌ ያሉት እዚህ ይታያል፤ የሰው እጅ የሠራው ምሽግ ሲጎዳ፣ ገደሉን ማንም ሊያፈርሰው አልቻለም።

ደባርቅ ካለው የፓርኩ ቢሮ ተመዝግቦ፣ ስካውት ይዞ ወደ ምሥራቅ ይወጣል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 ወጥቷል። አብዛኛው ሰው ጭላዳውን አይቶ ሳንቃ በር ላይ ይመለሳል። የእኔ ምክር ግን አንድ ሌሊት ጨምሮ ወደ ጃናሞራ መዝለቅ ነው፤ ደረስጌ ማርያም እዚያ ናትና።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ስሜንንና ትግራይን ይገዙ ነበር። ይህችን ቤተ ክርስቲያን በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በሺምፐር እጅ አሠሩ። እንደሚሉት ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ከቋራ የተነሡት ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ገጠሟቸው፤ ውቤ ተማረኩ። ቀናት ሳይቆዩ ካሳ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ለአንዱ የተዘጋጀ አዳራሽ ለሌላው ሠርግ ሆነ። ቴዎድሮስ የጎንደርን ግንብ መናገሻቸው አላደረጉትም፤ በ1859 ዓ.ም. ከተማዋን ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። የሄዱት ወደ መቅደላ አምባ ነው። የውቤ ልጅ ጥሩወርቅ የንጉሡ ሚስት ሆነች፤ የወለደችው ልዑል ዓለማየሁ ዛሬም እንግሊዝ አገር ዊንድዘር ተቀብሮ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ደረስጌ ደጀ ሰላም ቁጭ ብዬ ሳሰላስል ሾፌራችን ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አየ። ከቀትር በኋላ ተራራው አናት ላይ ጉም ይወርዳል፤ ጉም ከወረደ መንገዱ የጎማ ስፋት ያህል ብቻ ነው የሚታየው። ቆሎዬን ኪሴ ጨምሬ ተነሣሁ።