አቡጊዳ ህንድ ደርሶ ሲመለስ

የጥንቷ ህንድ ንጉሥ የአሾካ የድንጋይ አዋጆች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት፣ «በብራህሚ አልፋቤት ተጻፉ» የሚል ሳነብ ቃሉ ይጎረብጠኛል። አልፋቤት የግሪክ አልፋና ቤታ ናት፤ ተነባቢውም አናባቢውም ለየብቻው ይቆማል። ብራህሚ እንዲያ አይደለም። «ከ» የመደመር ምልክት ትመስላለች፤ ከግርጌዋ ጭረት ቢጨመርላት «ኩ» ትሆናለች። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ ላደገ ሰው ይህ ምኑ እንግዳ ነው? ፒተር ዳንኤልስ የተባሉት አሜሪካዊ የጽሕፈት ሥርዓት አጥኚም በ1990 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነቱ አጻጻፍ ስም ሲያወጡ የወሰዱት የእኛኑ «አቡጊዳ» ነው። ቃሉ አሁን አዲስ ትርጉም ለብሶ ወደ አማርኛ እየተመለሰ ነው። ችግሩ፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ አቡጊዳ የሚለው ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ የሚቆጥረውን፣ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ በሰያፍ የሚወርደውን ተራ ነው፤ የአጻጻፍ ዓይነት ስም አይደለም። «ብራህሚ አቡጊዳ ነው» ብትሉት ይስቅባችኋል። (ደግሞም እውነቱን ነው።) «አቡጊዳዊ ፊደል» ብንል ግን የልጁም ተራ ሳይነካ ብራህሚን፣ ከእሱ የተወለዱትን ደቫናጋሪንና ታሚልንም ያቅፍልናል። አልፋቤት ለግሪክና ለላቲን ይቅር።