የግዕዝ ፊደል በላቲን ሆሄያት አጻጻፍ፦ የመቐለ ስም እንደ ማሳያ

የግዕዝ ፊደልን በላቲን ሆሄያት መጻፍ በግዕዝ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የሰፈረን ስም ለካርታ፣ ለቤተ መጻሕፍት ዝርዝርና ፊደሉን ለማያነብ ሰው እንዲመች አድርጎ ማቅረብ ነው። አንዳንድ ሥርዓቶች ድምፁን ለማሰማት፣ ሌሎቹ ፊደሉን መልሶ ለማግኘት ይተጋሉ። (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪክ

ፊደሉን ለአውሮፓ አንባቢ ካስተዋወቁት አንዱ የሆነው ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1652 ጎታ ከተማ ውስጥ ከኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ጋር ሠርቷል። የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላቱ በ1661፣ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፉ በ1698 ታተሙ።

ዋና ችግሮች

ላቲን ለሰባቱ የፊደል ደረጃዎች ያሉት አናባቢዎች አምስት ናቸው። ሳድስ አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም፤ ጥብቀትም በፊደሉ አይታይም። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ እና ጰ በላቲን አቻ የላቸውም። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ሀ፣ ሐ እና ኀ ደግሞ በድምፅ ብቻ ከተጻፉ ልዩነታቸው ይጠፋል።

ሥርዓቶች

የአሜሪካና የብሪታንያ የጂኦግራፊ ስሞች ተቋማት የ1967 የአማርኛ ሠንጠረዥ ቀን በ«ኬ»ና ከእርሷ ቀጥሎ በአናት በኩል በሚቀመጥ ጭረት ይጽፋል። ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ «ኪው»ን ይመርጣል። የአፋን ኦሮሞ ቁቤም ለዚሁ ድምፅ «ኪው»ን ይጠቀማል። ለኮምፒውተር የተዘጋጀው ሴራ የተባለው ሥርዓት ቀን በትንሹ «ኪው»፣ የትግርኛውን ቐ በትልቁ «ኪው» ይለያል።

መቐለ ወይስ መቀሌ

የትግራይ ርእሰ ከተማ ስም በትግርኛ መቐለ፣ በአማርኛ መቀሌ ተብሎ ይጻፋል። ልዩነቱ በሁለት ቦታ ነው። ቐ ከአናባቢ በኋላ የሚላላው የትግርኛ ድምፅ ሲሆን በአማርኛ ስለሌለ ወደ ቀ ይለወጣል፤ የመጨረሻው ፊደልም በትግርኛ ግዕዝ (አንደኛው ደረጃ)፣ በአማርኛ ኃምስ (አምስተኛው) ነው። ስለዚህ ላቲን የሚጽፍ ሰው ገና ከመጀመሪያው ከየትኛው ቋንቋ እንደሚነሣ መወሰን አለበት።

በ1896 መጀመሪያ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበበት ጊዜ የጣሊያን ጽሑፎች ከተማዋን «ማካሌ» በሚያሰኝ፣ በ«ሲ»ና በሁለት «ኤል» ይጽፏት ነበር። ሁለቱ «ኤል»ዎች ዛሬ መቐለ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ በሚጽፈው ስሙም አሉ፤ የቐ ድምፅ ግን በተራ «ኬ» ተተክቷል። በ1967ቱ ሠንጠረዥ የአማርኛው መቀሌ አንድ «ኤል»፣ ጭረት ያላት «ኬ» እና በመጨረሻ መስመር የተደረገባት «ኢ» ይኖሩታል። የከተማዋ የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ የጉዞ ትኬት ኮድ «ኤም-ኪው-ኤክስ» በመሆኑ «ኪው»ን ይዟል፤ በዓለም አቀፉ የበረራ ኮድ «ኤች-ኤ-ኤም-ኬ» ውስጥ ግን «ኬ» ተመልሳለች። አንድ ማረፊያ በሁለት መዝገብ ሁለት ሆሄ ይዟል።

የዕለት ተዕለት አጻጻፍ

በስልክ መልእክት ጭረትና ነጥብ ብዙውን ጊዜ ይቀራሉ።

ግምገማ

ከላቲኑ አጻጻፍ ብቻ ስሙን ወደ ፊደል መመለስ የሚቻለው ምንጩ ቋንቋና ሠንጠረዡ ሲታወቁ ነው። ካርታም ሆነ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሁሉ የቦታ ስምን አስቀድሞ በግዕዝ ፊደል ማስፈር፣ ከጎኑም የተከተለውን ሥርዓት መግለጽ ይገባዋል።