ሸክላው ያልያዘው የአመዴ አርድዋን ታሪክ

የ1920ዎቹ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። በአሜሪካዋ የሉዊዚያና ግዛት ገጠር ደግሞ የቅዳሜ ጭፈራ ሌሊቱን ይዘልቃል። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የቀረው የኬጅንና የክሪዮል ሙዚቃ ሁሉ ከረጅም ሌሊት የተቆረጠ ነው፤ ቀሪውን የያዙት ሰዎች ናቸው። የአመዴ አርድዋንን ያህል ይህን የሚያሳየኝ ታሪክ የለም።

አርድዋን ጥቁር ክሪዮል፣ አኮርዲዮን ተጫዋችና ዘፋኝ ነበር። የቫዮሊን ጓደኛው ዴኒስ መጊ ነጭ ነው። በዘር መለያየት ሕግ በሆነበት አገር ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 መጨረሻም አብረው ሸክላ አስቀረጹ። አርድዋን እስከ 1934 ድረስ በጠቅላላው 34 ዘፈኖች አስቀርጿል። ድምፁ ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ ልብ የሚነካ ነው፤ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ እንጉርጉሮ መሆኑ አይጠፋውም።

ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነው። ኬጅኖች እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከአካዲያ፣ ከዛሬዋ ካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ያባረሯቸው ሰዎች ዘሮች ናቸው፤ ጥቁር ክሪዮል ጎረቤቶቻቸውም በፈረንሳይኛ ያወሩ፣ ይዘፍኑ ነበር። የሉዊዚያና ሕገ መንግሥት በ1921 ትምህርት በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲሰጥ ካዘዘ በኋላ ሕፃናት በእናታቸው ቋንቋ ተናገራችሁ ተብለው ይቀጡ ጀመር። ሸክላዎቹ የተቀረጹት በዚያው ዘመን ነው፤ ከዜማነታቸውም በላይ የሚከብዱብኝ ለዚህ ነው።

አርድዋን በ1942 በፓይንቪል ከተማ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሸክላው አይነግረንም። ብዙዎች የሚተርኩት ይህን ነው፦ አንድ ምሽት ሲጫወት ላብ አጠመቀውና አንዲት ነጭ ሴት መሐረብ አቀበለችው። በዚህ የተቆጡ ነጮች ጭፈራው ሲያበቃ ጠብቀው ክፉኛ ደበደቡት፤ ከዚያ ወዲህ ጤና አላገኘም። መጊ በበኩሉ የቀናበት ሙዚቀኛ መርዞት ነው ይል ነበር። ሁለቱ ትረካዎች አይታረቁም። ቢሆንም አንዱን ለመጣል አልቸኩልም፤ ያ ማኅበረሰብ ምን ይፈራ፣ ማንን ይጠረጥር እንደነበር ከሁለቱም ይሰማልና።

ሸክላውም ሥራውን ሠርቷል። ዓይኑ አጥርቶ የማያየው ነጭ ወጣት አይሪ ለዠን አጨዋወቱን ከአርድዋን ሸክላዎች ቀሰመ። በ1948 ባወጣው የመጀመሪያ ሸክላም፣ ለዓመታት በጊታርና በቫዮሊን ባንዶች ተሸፍኖ የቆየውን አኮርዲዮን ወደ ኬጅን ሙዚቃ መለሰው።

ሸክላ ያልደረሰላቸውም አሉ። አዳም ፎንተኖ በአካባቢው ስመ ጥር አኮርዲዮን ተጫዋች ሆኖ ሳለ አንድም ዘፈን አላስቀረጸም። ከእሱ የቀረልን፣ ልጁ ካንሬ የተረከውና በቫዮሊን ያቆየው ነው። ካንሬ የመጀመሪያ ቫዮሊኑን የሠራው ከሲጋር ሣጥን ነበር፤ ክሩን የመዘዘው ከበር የትንኝ መከላከያ ሽቦ ነው። በ1966 ከአመዴ ዘመድ ከብዋ ሴክ አርድዋን ጋር በሰሜናዊው የአሜሪካ ክፍል በሚካሄደው በኒውፖርት የሕዝብ ሙዚቃ ፌስቲቫል ተጫወተ። ከእነሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ እዚያው መድረክ ላይ የወጣው ኬጅኑ ሙዚቀኛ ዱዊ ባልፋ ደግሞ፣ በሰሜን ያየውን ክብር አገሩ ሰዎች ዘንድ ለማምጣት ዕድሜውን ሰጠ። በዚያው 1964 ክሪስ ስትራክዊትዝ የተባለው አሳታሚ ክሪዮሉን አኮርዲዮን ተጫዋች ክሊፍተን ሽኒየርን ለአርሁሊ ኩባንያው ቀረጸ፤ ብሉዝንና የክሪዮልን ጭፈራ ያዋሐደው ዛይዲኮ ከሉዊዚያና ውጭ በስፋት የተሰማው በኩባንያው አልበሞች ነው።

ዴኒስ መጊ እስከ 1989 ኖሯል። በ1970ዎቹ ሽማግሌ ሆኖ እንደገና ቀረጻ ገባ፤ ከአማቹ ከሳዲ ኩርቪል ጋር በሁለት ቫዮሊን፣ አኮርዲዮን ሳይስፋፋ የነበሩትን ዋልትዝና ማዙርካዎች ተጫወተ። የጥንቱን የቫዮሊን አገባብ መማር የሚፈልጉ ወጣቶች ዛሬም የሚያዳምጡት እነዚያን ቅጂዎች ነው።