የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፤ የቦረና ግጦሽ ታሪክ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ሣር ነው። «የገደብ ሰው የሚኖረው በቡናና በእንሰት፤ ሣር ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ባለፈው ገበያ የገዛችሁትን ቅቤ አስቡት። ለበዓል ቅርጫ የገባችሁበትን ሰንጋም አስቡት። ከወረዳችን ማዶ የጉጂ ወንድሞቻችን ከብት ያረባሉ። ከዲላ በይርጋ ጨፌና በቡሌ ሆራ አልፎ ወደ ሞያሌ የሚወርደውን አውራ ጎዳና ይዘን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ብንጓዝ ደግሞ ያቤሎ እንደርሳለን። ያ የቦረና አገር ነው። በጌዴኦ ሽማግሌዎች ትረካ ዳራሶ፣ ጉጆና ቦሮ ወንድማማቾች ነበሩ። እንግዲህ እነርሱ ዘንድ ሣሩ ሲጠፋ እኛ ዘንድ ገበያው ይነጥፋል ማለት ነው።

ለመሆኑ ቦረና ያንን ሰፊ ሜዳ ያለ አጥር፣ ያለ ዘበኛና ያለ ጽሕፈት ቤት እንዴት አድርጎ ጠብቆ አቆየው?

መልሱ ያለው ውሃው ላይ ነው። በቦረና ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጥላል፤ ዋናው በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ትንሹ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ነው። በበጋ የማይነጥፈው ውሃ «ኤላ» ከሚባሉት ጉድጓዶች ይወጣል። ከእነዚህ ጥልቆቹ «ቱላ» ይባላሉ፤ የሚገኙትም ዘጠኝ ቦታ ላይ ነው። ሰዎች ከጉድጓዱ ወለል እስከ አፉ ተደራርበው ይቆሙና እየዘፈኑ ውሃውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀብላሉ። የጉድጓዱ ባለመብት «አባ ኮንፊ» ሲባል፣ ከብቱ በየተራው እንዲጠጣ በየዕለቱ የሚያዘው ደግሞ «አባ ሔሬጋ» ይባላል። ተራ ያልተሰጠው መንጋ አይጠጣም።

አሁን ልብ በሉ። ዝናብ ሲጥል በየሜዳው ውሃ ስለሚቋጠር ከብቱ ከኤላው ርቆ ይሄዳል፤ በኤላው ዙሪያ ያለው ሣርም ያድጋል። የሜዳው ውሃ ሲደርቅ ከብቱ ወደ ኤላው ይመለሳል፤ ያኛው ሜዳ ደግሞ በተራው ያርፋል። ስለዚህ የሣሩ ቁልፍ ውሃው ነበር። የምትታለብ ላም «ዋራ» ከሚባለው መንጋ ጋር ከመንደር ሳትርቅ ትውላለች፤ ደረቁ መንጋ «ፎራ» ተብሎ ከጎበዛዝት ጋር ሩቅ ይወርዳል። ለጥጃ «ካሎ» የሚባል ሣር ይከለላል። ያረጀው ሣር በጊዜው በእሳት ይቃጠላል። ሕግ የጣሰ በሽማግሌ ይዳኛል። በየስምንት ዓመቱም «ጉሚ ጋዮ» በተባለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሕጉ እየታየ ይታደሳል።

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ግን አዲስ ነገር መጣ። መንግሥትና የውጭ እርዳታ ሰጪዎች «ከብቱ ለምን በውሃ ጥም ይሞታል?» ብለው በማሽን ትላልቅ ኩሬዎችን ማስቆፈር ጀመሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ አርብቶ አደሩ ለባላባት ከመክፈል ነፃ ሆነ። በ1968 ዓ.ም. ገደማም ሦስተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት በዓለም ባንክ ብድር ተጀመረ። የደቡቡ ክፍል ጽሕፈት ቤት ያቤሎ ላይ ተከፈተ። መንገድ ተጠረገ፤ ክትባት ተሰጠ፤ ራንች ተከለለ። የከብት በሽታ በመቀነሱ ብዙ ሰው ተጠቅሟል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዕቅዱ የተነደፈው ግን ከላይ ነበር።

በእነዚያው ዓመታት እሳት ተከለከለ። ሣር ማቃጠል አገር ማጥፋት ነው ተባለ። እኔም በመምህራን ማሠልጠኛ የተማርሁት ይህንኑ ነው፤ ክፍል ገብቼም «እሳት የሣር ጠላት ነው» እያልሁ ለልጆች ሰሌዳ ላይ ጽፌአለሁ። ልጆቹም ደብተራቸው ላይ ገለበጡ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ኩሬው በበጋም ውሃ ስለያዘ ከብቱ ከዚያው ቀረ። ቁልፉ ተሰበረ፤ ያ ሜዳ ዕረፍት አጣ። ሰውም በኩሬው ዙሪያ ጎጆ ቀለሰ። እሳት ሲቀር ደግሞ ቡቃያው ሳለ የሚቃጠለው እሾኻማ ግራር አድጎ ጫካ ሆነ፤ ከሥሩም ሣር ጠፋ። መዥገሩም በዛ። የማኅበራትና የቀበሌ ወሰን በጥንቱ የግጦሽ ክልል፣ ማለትም በ«ዴዳ»ው መካከል ተሰመረ። በዚህ ላይ የ1976 እና የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሲመጣ እጅግ ብዙ ከብት አለቀ። ድርቁን ያመጣው ኩሬው አይደለም፤ ነገር ግን ለክፉ ቀን የሚቀመጠው ሣር አስቀድሞ ተበልቶ ነበር።

ዋና ጽሕፈት ቤቱ አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ወደ ቦረና ወርደው ነገሩን ለዓመታት አጠኑ። የአርብቶ አደሩ አሠራር ከድንቁርና የመጣ ሳይሆን ተራውን የጠበቀ ሥርዓት መሆኑንም በጽሑፍ አወጡ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሽማግሌዎች፣ የመንግሥት ባለሙያዎችና እርዳታ ሰጪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው በተመረጠ ቦታና ጊዜ እሳት እንደገና እንዲለኮስ አደረጉ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቦረናና በጉጂ ባለከብቱ ራሱ የዴዳውን ካርታ እየሣለ፣ የትኛው ሣር መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት የሚወስንበት የጋራ የግጦሽ አያያዝ ተጀመረ።

ይህ መንገድ በሌላም ሥራ ተፈትኗል። በክፉ ቀን ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ የአገራችንን ከብት የፈጀው የደስታ በሽታ በ1980ዎቹም ከአፋር በረሃ አልወጣም ነበር። የወጣው ከአፋሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው፣ ቶሎ በሙቀት የማይበላሸውን ክትባት ይዘው ከመንጋው ጋር ሲዘዋወሩ ነው። በ2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

ይህ ማለት የቦረና ችግር አልቋል ማለት አይደለም። ሕዝቡ በዝቷል፤ እርሻው ወደ ግጦሹ ገፍቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው መንጋው ረግፏል። ሰማዩ እንዲህ ሲጨክን የቱም ሕግ ብቻውን አይበቃም። ነገር ግን ሕግ ያለው ሜዳ ዝናብ ሲመለስ ቶሎ ያገግማል፤ ሕግ የሌለው እሾህ ያበቅላል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። የዴዳው ሕግም ከቃል ወደ ወረቀት እየገባ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከፊደል ትምህርታችን ጋር የሚገናኘው። አባ ሔሬጋው የስንቱን መንጋ ተራ በቃሉ ይይዛል። ካርታው ላይ መስመሩ የት እንደተሰመረ ካላነበበ ግን አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትምና ሜዳውን ሳያውቀው ሰጥቶ ይነሣል።

እኛስ? የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከቡናው በላይ የቆመውን ዛፍ ጠብቀው ያቆዩት የሶንጎ ሽማግሌዎች ናቸው። የእነርሱ ሕግም በአብዛኛው በቃል ያለ ነው።

«የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ባለሙያ አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ መጀመሪያ ባለቤቱን ጠይቅ ማለት ነው። እንግዲህ ለዛሬ ማታ ይህን ሥራ ልስጣችሁ። አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ዘንድ ሂዱና ስለ ሣር፣ ስለ ዛፍ ወይም ስለ ምንጭ የሚያውቁትን አንድ ሕግ ጠይቁ። ከዚያም በገዛ እጃችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት፤ ጽፋችሁም ለነገሯችሁ ሰው መልሳችሁ አንብቡለት። ከተሳሳታችሁ እርሱ ያርማችኋል።

ደኅና ሰንብቱ።